ባላገሩ ሲመልስ፦ ባንድና ቀልድ ከሊማሊሞ አፋፍ

ከአዲስ አበባ ስመ ጥር ባንዶች ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከእኛ ገደል ነዋሪ ነው፤ ዋልያስ ባንድና አይቤክስ ባንድ። ዋልያ ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም በዱር አይኖርም። ደባርቅ ተወልጄ እንዳደግሁ ሰው ዋልያውን ጨነቅ አፋፍ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ባንዶቹን ግን ያወቅኋቸው በካሴት ነው፤ ካሴት ነጋዴ ነበርሁና።

ሱቄ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነበር። አንዱ መደርደሪያ ሙዚቃ፣ አንዱ ቀልድ፣ ከታች መዝሙርና ባዶ ካሴት። በር ላይ አንድ ትልቅ ቴፕ፣ ውስጥ ደግሞ ከካሴት ወደ ካሴት የሚገለብጥ ባለ ሁለት አፍ ዴክ። ሙዚቃና ቀልድ በአንድ ጣሪያ ስር መሸጣቸውን ያኔ እንደ ሱቅ ጥበት ነበር የማየው። ኋላ የሁለቱን ታሪክ ሳገጣጥም፣ ድሮውንም አብረው የተወለዱ ሆነው አገኘኋቸው። ከባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ደግሞ ቀልዱን ብቻ አይሰማም፤ የሚስቀውንም የማይስቀውንም ፊት ያያል። እዚያ ቆሜ የያዝሁት አቋም ይኼ ነው፤ ቀልድ የሚጠራው የተቀለደበት ሰው እዚያው ተቀምጦ መልስ መስጠት ሲችል ነው። ባንድም የሚጠራው የሚጨፍርለትን ሰው እያየ ሲጫወት ነው። የቴሌቪዥናችን ቀልድ ወረደ ወይስ አልወረደም የሚለውን የዘወትር ክርክር በዚህ ሚዛን ብንመዝነው ይሻላል ባይ ነኝ።

የሌሊት ትርኢት በአገራችን ቴሌቪዥን እስኪመጣ አልጠበቀም። ላሊበላዎች ጎህ ሳይቀድ ከደጅ ቆመው ሲያዜሙ የሰማ ሁሉ ይህን ያውቃል። አስቀድመው ከጎረቤት የባለቤቱን ስም፣ የልጆቹን ስም፣ በቅርብ የሆነለትን ወይም የሆነበትን ነገር ይጠይቃሉ። ከዚያ ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ሙገሳ ነው። ባለቤቱ ብርዱን ፈርቶ ከጋቢው አልወጣም ካለ፣ ዜማው ሳይለወጥ ቃሉ ይለወጣል፤ ስስቱም ስንፍናውም ለመንደሩ ይዘረዘራል። ካቆሙ ቁምጥና ይወርድብናል ብለው ያምናሉ ይባላል፤ ስለዚህ ዝናብም ቢሆን ብርድም ቢሆን ትርኢቱ አይቀርም። ቤተሰቡ ከውስጥ እየሰማ ይስቃል፤ አባት በመጨረሻ ሳንቲም ይዞ በር ይከፍታል። የተቀለደበት ሰው መልስ እንግዲህ ያ ነው።

አዝማሪው ይህንኑ ወደ ጠጅ ቤት አስገባው። ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት፤ ቡርቧክስን የመሰለ መንደር ሙያውን ከአባት ለልጅ ሲያወርስ ኖሯል። የራሳቸው የውስጥ ቋንቋ አላቸው፤ ባልና ሚስት ማሲንቆ እየመቱ ከፊት ለፊት ስለተቀመጠው እንግዳ ሲመካከሩ እንግዳው አይሰማም። ጠጪው ስንኝ ያቀብላል፣ «ተቀበል!» ይላል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። አንድ ምሽት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከሊማሊሞ ጠመዝማዛ በሰላም መውረዱን ሊያስመሰክር ፈለገና «ሊማሊሞን ወረድሁ ሳልይዝ ፍሬኑን» ብሎ አቀበለ። አዝማሪው ቃሉን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አዜመለት። ሾፌሩ ደረቱን ነፋ። ሦስተኛው ላይ ማሲንቆውን ወደ ሌሎቹ አዙሮ፣ «ኪሱ ላይ ነው እንጂ የሚይዘው እጁን!» ብሎ ዘጋበት። ቤቱ ተናወጠ። ሾፌሩ እየሳቀ ተነሣና ብሩን ምራቁን ቀብቶ ከአዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈው። ዜማውም፣ ቀልዱም፣ ሂሳቡም በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ስቱዲዮ ውስጥ አሥር ጸሐፊ ሰብስቦ ይህን ማምጣት ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ሾፌሩ ስቱዲዮ ውስጥ የለም።

ይህ ነገር ኃይል እንዳለው ቀድመው የገባቸው ጠላቶች ናቸው። ከየካቲት 12ቱ እልቂት በኋላ፣ በመጋቢት 1929 ዓ.ም፣ የኢጣሊያ ወራሪዎች ገዥ የነበረው ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና ከቦታ ቦታ እየዞሩ ወሬ በዜማ የሚያሰሙ ሁሉ ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ። አዝማሪው ከአርበኛው እኩል ተቆጠረ ማለት ነው። ወልከፊትን በኮንክሪት ምሽግ ያጠረ፣ በእኛ ገደል መኪና የሚወጣበት መንገድ የጠረበ ኃይል አንድ ክር ያላትን ማሲንቆ ፈራ። የተቀለደበት ሰው በጥይት የሚመልስ ከሆነ ቀልዱ ቦታው ላይ ደርሷል።

ጥይት ባይሆንም፣ ከዚያ በፊት የነበረውም መልስ ቀላል አልነበረም። የዘመናዊ ቲያትራችን መጀመሪያ የሚባለው ሥራ ራሱ ቀልድ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት መድረክ ላይ አወጡት፤ አውሬዎቹ ሹማምንቱን እንደሚያስታውሱ ለመረዳት ብዙ ምርምር አላስፈለገም። ንግሥት ዘውዲቱ ከለከሉት። ቲያትር በአገራችን በሳቅ ተጀምሮ በእገዳ ቆመ።

ሲመለስ ሙዚቃን ተደግፎ መጣ። በ1927 ዓ.ም የተመሠረተው የአገር ፍቅር ማኅበር ንግግርና ዘፈን፣ ጭፈራና አጭር ድራማ በአንድ መድረክ እያፈራረቀ ሲያቀርብ፣ የኋለኛው የቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅት ቅርጽ እዚያው ተሠራ። በ1948 ዓ.ም የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር፣ ኦርኬስትራውንም ተዋንያኑንም አንድ ቤት አስገባ። ከዚያ ቤት የወጡት አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ የዘመኑ ማሳያ ናቸው፤ ተዋናይ፣ ዘፋኝ፣ ምትሃተኛና አስቂኝ በአንድ ሰው። ሴት ተዋናይ በጠፋበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል፤ ኮሪያ ድረስ ሄደው የቃኘውን ሠራዊት አዝናንተዋል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሲከፈት የልጆችን ጊዜ ይዘው ገቡና በ2009 ዓ.ም እስካረፉ ድረስ የአገር አባት ሆነው ኖሩ። ያን ሁሉ ሙያ የተማሩት ፊት ለፊታቸው ከተቀመጠ ሰው ነው።

በደርግ ዘመን ይህ ቅርጽ እስከ ቀበሌ ወረደ። ጎንደር ፋሲለደስ ኪነት፣ ወሎ ላሊበላ ኪነት የየራሳቸውን ስም አወጡ፤ ከእነሱ በታች በየወረዳው፣ በየቀበሌው ትንሽ ትንሽ ኪነት ነበር። ደባርቅም ነበረን። ዘፈን ይዘፈናል፣ ክራሩ ከቅኝት ይወጣል፣ ክራሩ እስኪቃኝ ሁለት ልጆች ወጥተው ጭውውት ይሠራሉ። ርእሱ ከላይ የታዘዘ ነው፤ የሚጋለጠውም ሁልጊዜ እህል ደባቂው ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ግን ነጋዴ የሚሆነው ልጅ የሰፈራችንን አንድ ነጋዴ አረማመድ፣ ባርኔጣውን ወደ ግራ አዘንብሎ ጉሮሮውን የሚጠርግበትን ሁሉ ሳይቀር አመጣው። ሰውዬው ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። አዳራሹ መድረኩን ትቶ እሳቸውን ያያል። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ወደ መድረኩ ወጥተው ልጁ ራስ ላይ ደፉለትና «ያለ ባርኔጣ አያምርብህም» አሉት። የታዘዘው ፕሮፓጋንዳ እዚያ ላይ ፈረሰ፤ ሰው የሳቀው ለሁለቱም ነበር። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ አክተር ሆነ።

ባንዶቹ በዚያን ጊዜ ከተማ ላይ ሌላ ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ ሰዓት እላፊ። የደርግ ሰዓት እላፊ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ሲዘጋ ሰዎች ሆቴል ውስጥ ገብተው እስኪነጋ ይቆዩ ነበር፤ ዋልያስ ባንድ በሂልተን ለእነዚህ ተቆልፎባቸው ለሚያነጉ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ተጫውቷል። ሙዚቀኛው መውጫ የለው፣ ታዳሚው መውጫ የለው። ዘፋኝ ሲደክመው በኦርጋን መሙላት፣ ሰው ሲያንቀላፋ ምቱን መለወጥ፣ ጥንዶቹ ሲተቃቀፉ ማርገብ ያስፈልጋል። የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች የኃይሉ መርጊያ አጨዋወት ያን ያህል የታገሠና ያን ያህል የሚያባብል የሆነው ከዚያ ይመስለኛል። «ቼ በለው» በፈረንጆቹ 1977 ታተመ፤ በ1981 ባንዱ አሜሪካ ዞረና ከአባላቱ ገሚሱ እዚያው ቀረ። አይቤክስ ደግሞ የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» አጅቦ፣ ኋላ ጆቫኒ ሪኮና ሰላም ስዩም ያሉበት ሮሃ ባንድ ሆኖ ወጣ። እኔ ሱቅ ስከፍት ከዘፈን ካሴቶቼ ሽፋን ጀርባ የሮሃ ስም ያልነበረበት ጥቂት ነበር።

ታዲያ ወደ ቀልዱ መደርደሪያ እንመለስ። በ1980ዎቹ የቀልድ ካሴት እንደ ዘፈን ይሸጥ ነበር። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ተስፋዬ ካሳ፣ እንግዳዘር ነጋ፣ ክበበው ገዳ። በዓል ሲደርስ ከገጠር የሚመጣው ሰው አንድ ዘፈን፣ አንድ ቀልድ፣ አራት የባትሪ ድንጋይ ገዝቶ ይሄዳል። ሸማች ሳይሰማ አይገዛም፤ ስለዚህ ሱቁ ራሱ ትንሽ ቲያትር ቤት ነበር። ካሴቱ ውስጥ የተቀረጸ የታዳሚ ሳቅ አለ፤ ሱቄ ውስጥ ደግሞ የደባርቅ ሳቅ አለ። የሁለቱ ሳቅ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይወድቅም ነበር።

ልዩነቱ የሚጎላው «ባላገሩ» ሲመጣ ነው። የአዲስ አበባ ቀልድ አንድ የማያረጅ ገጸ ባሕርይ አለው፤ ቁምጣ ለብሶ፣ ዱላ ይዞ፣ ከጎንደር ወይም ከጎጃም መጥቶ ሊፍት የሚያስደነግጠው፣ ቃሉን የሚያስረዝመው ሰውዬ። ካሴቱ ውስጥ ሳቁ ይፈነዳል። ሱቄ ውስጥ ደግሞ ቁምጣ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ፣ ከጃናሞራ የመጡ ሰዎች ቆመዋል። አንዳንዴ ከሁሉ በላይ የሚስቁት እነሱ ናቸው። ሌላ ጊዜ ግን ጸጥ ይላሉ። አንድ የዳባት ሽማግሌ ካሴቱን መልሰው ባንኮኒው ላይ አኖሩና «ይኼ ልጅ ባላገር አይቶ አያውቅም፤ ሌላ ኮሜዲያን ነው ያየ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ የተሻለ የቀልድ ሂስ አላነበብሁም። ሰው አይቶ የቀለደውን ባላገሩ ራሱ ይገዛዋል፤ ለአክስቱም ይወስድላታል። ከሌላ ቀልድ የተቀዳውን ግን በመጀመሪያው ደቂቃ ይለየዋል፤ የንግግሩ ለዛ ከጎንደርም አይደል፣ ከጎጃምም አይደል፣ ከየትም አይደል።

«ድሮ ቀልድ ነበረ» ለሚሉት እንግዲህ አንድ ነገር ልንገራቸው። ድሮም ብዙ እንክርዳድ ሸጫለሁ። ያልተሸጠውን ካሴት ቀዳዳውን በፕላስተር እየሸፈንሁ ዘፈን የገለበጥሁበት ጊዜ ብዙ ነው። የምናስታውሰው የተረፈውን ነው፤ የተረፈውም አብዛኛው መድረክ ላይ ያደገው ነው። የዚያ ትውልድ ቀልደኛ በየሆቴሉ፣ በየአዳራሹ፣ በሁለት ዘፈን መካከል ማይክ ተሰጥቶት ወጥቷል። ሰው ዘፋኙን እየጠበቀ ነው፤ ካላሳቅኸው «ውረድ!» ይልሃል። ከዚህ የበለጠ አርታኢ የለም።

ኋላ ሁለቱም ይህን አርታኢ በአንድ ዘመን አጡት። ኪቦርድ መጣ። አንድ ሰው ከበሮውንም ቤዙንም ሳክስፎኑንም በጣቱ ሲያወጣ ለሙሉ ባንድ መክፈል ለሆቴሉም ለአሳታሚውም ብክነት መሰለ። ባንድ ሲበተን በዘፈኖቹ መካከል የነበረው ክፍተትም ጠፋ፤ የቀልደኛው ትምህርት ቤት ያ ክፍተት ነበር። ቀልዱ ወደ ቴሌቪዥን ገባ። አንድ ጣቢያ ብቻ በነበረበት ዘመን የእንቁጣጣሽና የፋሲካ ዋዜማ ዝግጅት አገር ምድሩን ሰብስቦ ያሳይ ነበር፤ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጎረቤቱን ሁሉ አስገብቶ፣ ልጁ መሬት፣ አዋቂው መደብ ላይ፣ ዶሮ ወጡ እየተንተከተከ። አንድ ዘፈን፣ አንድ ጭውውት፣ አንድ ዘፈን። ቅርጹ የአገር ፍቅር ነው፤ የጎደለው ከፊት ወንበር ባርኔጣ የሚያወልቅ ሰው ነው። ዘፈኑም ብዙውን ጊዜ በካሴት ይለቀቅና ዘፋኙ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

አሜሪካኖች ይህን የዘፈንና የጭውውት ዝግጅት ሲያቋቁሙት ክፍተቱን አልዘነጉትም። «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» በፈረንጆቹ ጥቅምት 11 ቀን 1975 ኒው ዮርክ ላይ ሲጀመር፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ፣ በቀጥታ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ታዳሚ፣ በጭውውቶቹ መካከል በቀጥታ የሚጫወት ባንድ። የመጀመሪያው ዓመት ቼቪ ቼዝ የተባለው ተዋናይ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድን እየተደናቀፈ የሚወድቅ ሰው አድርጎ ተጫወታቸው። ፎርድ በሚያዝያ 1976 የፕሬስ ኃላፊያቸውን አዘጋጅ ሆኖ እንዲቀርብ ፈቀዱ፣ ራሳቸውም በተቀረጸ ምስል ብቅ ብለው የቀልደኛውን መፈክር መልሰው ቀለዱበት። የደባርቁ ነጋዴና የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ያደረጉት አንድ ነው። እዚያም ግን «ዘንድሮ ወረደ፣ የድሮው ይሻል ነበር» የማይባልበት ዓመት የለም፤ ይህ ለቅሶ የእኛ ብቻ አይደለም።

በእኛም ነገሩ ተሟጦ አላለቀም። አለባቸው ተካ ከጭውውት ወደ «አለቤ ሾው» ሲሻገር ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ ማነጋገር ቀልድን እንደሚያድስ አሳየ። ሰይፉ ፋንታሁን በኢቢኤስ እሑድ ምሽት ይህን መንገድ አሰፋው። በፋና የታየው «ምን ልታዘዝ» አገሪቱን አንድ ካፌ ውስጥ አስገብቶ ሲቀልድ፣ ደባርቅ ላይ ሰው «ባለቤቱ እገሌ ነው፣ አስተናጋጁ እገሌ ነው» እያለ ይወራረድ ነበር፤ ፋቡላ ከመቶ ዓመት በኋላ ልብስ ቀይሮ የመጣ ያህል። ባንዱም ተመለሰ። ጃኖ ባንድ በፈረንጆቹ 2012 በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ሱቄ ካሴት መሸጥ ትቶ ሜሞሪ መጫን ጀምሮ ነበር። በቅሎ የሚነዱት ልጆች «ያን የሚጮኸውን ጊታር ጫንልን» እያሉ መጡ። ሮክ ነው ብዬ ሳስረዳቸው አንዱ «ሽለላ ነው እንጂ» አለኝ፤ ጃኖዎቹ ራሳቸው ከዚህ አይርቁም፣ ፔንታቶኒኩን፣ ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት፣ አልለቀቁትምና። ፋና ላምሮትን የመሳሰሉ ውድድሮች ባንድ በቀጥታ ማስቀመጣቸውም ወጣቱ ዘፋኝ ከቅኝት ሲወጣ የሚመልሰው ሰው ሰጥቶታል።

እውነተኛውን የሌሊት ትርኢት ማየት ለሚፈልግ ግን ሳንቃበር ይውጣ። ቱሪስቶቹ እራት በልተው ድንኳን ሲገቡ፣ ስካውቶቹ፣ ምግብ አብሳዮቹና ባለ በቅሎዎቹ እሳቱን ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ብርድ ልብሱን እንደ ጃኬት ይለብስና ቀን ጭላዳ ያየውን ፈረንጅ ይሆናል። ካሜራውን ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ጭላዳው ሄዷል፤ ዞሮ ስካውቱን ፎቶ ያነሣል። ሌላው ጭላዳውን ይሆናል፤ ሣሩን እየነጨ፣ ከንፈሩን ገልብጦ፣ ለፈረንጁ ፊቱን አይሰጠውም። ጄሪካን ከበሮ ነው። ከቋንቋው ውጪ ያለው ባለ ድንኳኑም ሳቁ ሲበዛበት ብቅ ይላል፣ ማን እየተቀለደበት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፣ ከዚያ ተራውን ይጠይቃል። አንድ ጊዜ አንዲት ጎልማሳ ሴት ተነሥታ ስካውቱ ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሞ ሲያንቀላፋ አሳየችን፤ ስካውቱ ራሱ ወድቆ ሳቀ። ያ ጭውውት ጸሐፊ የለውም፣ በጀት የለውም። ያለው ተቀባይ ነው።

ስለዚህ ለጣቢያዎቻችን ያለኝ ምክር አጭር ነው። ተሰጥዖ አልጠፋም፣ ባንድም አልጠፋም። የሚቀጥለውን የበዓል ዝግጅት ደባርቅ አዳራሽ ቅረጹት። ባንዱ ይምጣ፣ በቀጥታ ይጫወት፤ ባላገሩን የሚጫወተውም ቁምጣውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ይውጣ። የፊት ወንበሩን ከጃናሞራ፣ ከዳባትና ከድብ ባሕር ለመጡ ባለ ቁምጣዎች ስጧቸው፤ ማይክም ይዘዋወር። ካሳቃቸው ብሩን ግንባሩ ላይ ይለጥፉለታል። ካላሳቃቸው «ውረድ!» ይሉታል፤ እሱም ወርዶ አጠገባቸው ይቀመጥና ባላገር እንዴት እንደሚያወራ ይስማ።